ደም ምስክር ነው፣ ቀን ካልከዳው!

ባለፈው ሰሞን ሜክሲኮ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ወሬ እንሰልቃለን። ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ እንደ ልማዱ ዓለምን ዞረና ሶርያ ላይ አረፈ። ከመካከላችን አንዱ፣ ከረባት ያሰረ፣ «የተማረ» የሚባል ሰው ነው፣ ስኒውን ቁጭ አደረገና «እናንተ ደግሞ! የመርዝ ጋዝ የምትሉት ነገር ሁሉ የፈረንጅ ድራማ ነው። ጋዝ ተን ነው፤ በነፋስ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ተጣለ አልተጣለ በምን ታውቃለህ? አንዱ ጣሉብን ይላል፣ ሌላው አልጣልንም ይላል፤ አለቀ ደቀቀ!» አለን። የቀሩትም «እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። ይህቺን «ተን ነው፣ ማስረጃ የለውም» የምትል ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁና! የማውቃትም ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአያቴ ክንድ ላይ ነው።

አያቴ የጎጃም ሰው ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘምተዋል። ተከዜ ዳር የደረሰባቸውን ነገር በክረምት ማታ፣ እሳት ዳር ሆነው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አውሮፕላኑን ለምደውት ነበር፤ ቦምብ ሲጥል እንዴት ተበትኖ መተኛት እንደሚገባ ተምረዋል። በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ግን የወረደው ነገር እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸም። በርሜል የመሰለ ነገር እየወደቀ ይሰበርና ፈሳሽ ይረጫል። «ፈንድቶ ያልፈነዳ ቦምብ ነው ብለን ሳቅንበት» ይሉ ነበር። ሳቁ እስከ ማታ አልዘለቀም። ፈሳሹ የነካው እጅና እግር ውኃ ቋጠረ፣ ዓይን ተደፈነ፣ ከወንዙ ውኃ የጠጣም ሆዱን ይዞ ወደቀ። አያቴን ያገኛቸው ክንዳቸውን ነው። ከክርናቸው እስከ አንጓቸው ድረስ ያለው ቆዳ ፀጉር የማያበቅል፣ ቦታ ቦታው የነጣ፣ ሲዳስሱት እንደ ብራና የሚንሸራተት ነበር። ሳል ሲይዛቸው ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይነቃነቃል።

«ለመሆኑ ያን ጊዜ ያየልዎ ሐኪም ነበር?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እግዜር አይቶታል» አሉኝ።

እግዜርማ አይቶታል። ጄኔቭ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ግን የሚፈልጉት ሌላ ምስክር ነበር!

ታሪኩን ለማያስታውስ ባጭሩ ላስታውስ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን በጦርነት የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ፕሮቶኮል የፈረመች አገር ነበረች። ፊርማዋ ሳይደርቅ አሥር ዓመት ቆይታ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን መርዝ በእኛ ላይ አፈሰሰችው። ኮረም ላይ የነበሩት የእንግሊዝ የሕክምና ጓድ ሐኪሞች፣ እነ ዶክተር ሜሊ፣ የተቃጠሉትን ሰዎች አክመዋል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ ዶክተር ማርሴል ዡኖም በዓይኑ አይቷል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1936 የመንግሥታቱ ማኅበር ቀይ መስቀልን «ስለ ጋዙ ያላችሁን መረጃ ስጡን» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቀይ መስቀል «ገለልተኛ ነኝ» ብሎ እምቢ አለ! ገለልተኛ! በገዳይና በሟች መካከል ገለልተኛ! የፋሽስቱ ወገን ደግሞ የሐኪሞቹን ፎቶግራፍ እያየ «ይህ የሥጋ ደዌ ቁስል ነው» እስከማለት ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ቆመው ስለ ዝናቡ መርዝ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ።

ከዚያስ? ከዚያማ ስድሳ ዓመት! የጣሊያን መንግሥት በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል «አዎ፣ ተጠቅመናል» ያለው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በዚያ መካከል አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ሰነድ እየጠቀሰ ሲጮኽ፣ በጦርነቱ የተሳተፈው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ «እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ጋዝ የሚባል አላየሁም» እያለ ለዓመታት ተከራክሮታል። በመጨረሻ ሞንታኔሊ መሸነፉን ያመነውም በዚያው በ1996 ነው። ምን አሸነፈው? የአያቴ ክንድ? የኮረም ሐኪሞች ቃል? የለም! ያሸነፈው የሙሶሊኒ ቴሌግራም ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1935 ለግራዚያኒ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን ደግሞ ለባዶሊዮ «በጋዝ መጠቀም ፈቅጃለሁ» ብሎ የላከው ወረቀት።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በልና አስብ። የተበዳዩ እውነት የጸናው በበዳዩ ወረቀት ነው። በዳዩ ወረቀቱን አቃጥሎት ቢሆንስ? ዛሬም «ተን ነው፣ በነፋስ ሄዷል» እንባል ነበር ማለት ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሐውልት ቤት እንደተሠራለት አትርሱ። ለእሱ ሐውልት፣ ለአያቴ «እግዜር አይቶታል»!

እንግዲህ ወደ ባለ ከረባቱ ልመለስ። «ተን ነው፣ ይሄዳል» ማለቱ ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን ድንቁርና ነው። መርዙ ይሄዳል፤ ፊርማው ይቀራል። የሚቀረውም በሜዳው ላይ ብቻ ሳይሆን በሰውየው ሥጋ ውስጥ ነው። ሊቃውንቱ «ባዮማርከር» ይሉታል፤ እኔ የደም ፊርማ እለዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰናፍጭ ጋዝ ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ዘይትነት ያለው ፈሳሽ ነው። በቆዳና በሳንባ ገብቶ ደም ውስጥ ሲደርስ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ይለጠፍበታል፤ አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን ይለጠፍበታል፤ የዘር ቅንጣቱን ዲኤንኤ ሳይቀር ይነክሳል። አንዴ ከተለጠፈ አይላቀቅም። የላብራቶሪው ሰው ያን ፕሮቲን ይወስድና በትንንሹ ይቆራርጠዋል፤ ከዚያም ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል፣ የሞለኪውልን ክብደት በሚለካ መሣሪያ ይመዝነዋል። የመርካቶ ወርቅ ሻጭ የቀለበቱን ግራም እንደሚያውቅ ሁሉ እሱም የንጹሑን ቁራጭ ክብደት ያውቃል። መርዝ የተለጠፈበት ቁራጭ ከብዶ ይገኛል፤ በምን ያህል እንደከበደ ሲታይ የመርዙ ማንነት ይታወቃል። ይህን ዓይነት ቅርጽ በሽታ አይሠራውም፣ ሥጋ ደዌም አይሠራውም!

ዳሩ ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር እንዳለ ካልነገርኳችሁ እኔም ከካድሬ አልሻልም። እያንዳንዱ ምልክት እኩል አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኢራቅ ጦር በኢራናውያን ላይ ሰናፍጭና ታቡን ሲጥል ከተጎዱት ጥቂቶቹ ለሕክምና ወደ አውሮፓ ተልከው ነበር። ሐኪሞች ሽንታቸውን መርምረው ታዮዳይግላይኮል የተባለ፣ ሰናፍጩ ከውኃ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ነገር አገኙ። «ይኸው ተያዘ!» ሊባል ሲል፣ ጋዝ በሕልማቸው እንኳ ያላዩ ሰዎች ሽንትም ሲመረመር ያው ነገር በጥቂቱ ተገኘ። እንግዲህ በዚያ ብቻ ተመሥርቶ የጮኸ ሰው በማግሥቱ ያፍራል። ሐቀኞቹ ሊቃውንት ምን አደረጉ? «ጉዳያችን እውነት ስለሆነ ማስረጃው ልል ቢሆንም ግድ የለም» አላሉም። ተመልሰው ሠሩ። ሰውነት ከሰናፍጩ ጋር ሲታገል የሚያወጣውን፣ ባልተመረዘ ሰው ላይ የማይታየውን ሌላ ውጤት ፈለጉ፤ ከደሙ ፕሮቲን ላይ የተለጠፈውንም ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የሆላንድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ፣ ተመርዘዋል ከተባሉ ከ22 እና ከ26 ቀን በኋላ ደማቸው በተወሰደ ሁለት የዚያ ጦርነት ቁስለኞች ላይ የሰናፍጩን ፊርማ አገኙ። ቁስሉን ‹ሌላ በሽታ ነው› ማለት ይቻላል፤ ይህን ግን ምን ይሉታል?

የነርቭ መርዝ የሚባሉት፣ እነ ሳሪን፣ ሌላ መንገድ አላቸው። ኮሊንስትሬዝ የተባለውን፣ ነርቭ ከጡንቻ ጋር ተነጋግሮ ሲያበቃ ንግግሩን የሚዘጋውን ኢንዛይም ይቆልፉታል። ያን ጊዜ ንግግሩ አይቆምም፤ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ትንፋሹ ይቆማል። ኢንዛይሙ መውረዱን ደህና ሆስፒታል ሁሉ ሊለካው ይችላል። ግን እዚህም ወጥመድ አለ፤ የእኛ ገበሬ ለተባይ የሚረጨው ማላታዮንም ይህንኑ ኢንዛይም ያወርዳል። ስለዚህ «ኮሊንስትሬዙ ወርዷል» ማለት «ሳሪን ነው» ማለት አይደለም። «ሳሪን ነው» ለማለት በሽንት ውስጥ የሳሪንን የራሱን ስባሪ ማግኘት ያስፈልጋል። አለዚያም ሆላንዶች ያወጡት ዘዴ አለ፤ ፍሎራይድ ይጨምሩበትና ከኢንዛይሙ ላይ የተጣበቀውን ሳሪን መልሰው ያስለቅቁታል። ሌባው የገባበት ቤት ውስጥ እንዳለ እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው!

ይህ ዘዴ የት ሠራ? ጃፓን። ኦም ሺንሪክዮ የተባለው የሃይማኖት ቡድን እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1994 ማትሱሞቶ ከተማ፣ መጋቢት 20 ቀን 1995 ደግሞ ቶኪዮ ምድር ለምድር ባቡር ውስጥ ሳሪን ለቀቀ። በቶኪዮው ጥቃት ሐኪም ቤት የሄደው ሰው ከአምስት ሺህ በላይ ነበር። ከዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ አንድ የማይታወቅ የሆስፒታል ሠራተኛ የደም ብልቃጦቹን ስም ጽፎ አስቀመጠ። በቃ፣ ሌላ ጀግንነት አልሠራም! በኋላ ያ ደም ሆላንድ ሄዶ ሲመረመር ከቶኪዮ ናሙናዎች ከአብዛኞቹ ሳሪኑ ተመልሶ ወጣ። የማትሱሞቶው ግን ከጥቂቶቹ ብቻ ነው የወጣው።

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። የደም ፊርማ ዕድሜ አለው! ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው መቶ ሃያ ቀን ገደማ ነው፤ ሲሞት በላዩ የተጻፈውን ይዞ ይሞታል። አልቡሚኑ በሦስት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ግማሹ ይተካል። የሳሪኑ ስባሪ በሽንት የሚገኘው ለቀናት፣ ቢበዛ ለሁለት ሳምንት ያህል ነው። ሰውነታችን ቸር ነው፤ ራሱን ያድሳል። ራሱን ሲያድስ ግን የገዳዩን ማስረጃም አብሮ ያጥባል። ገዳዩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ምንም ውሸት መፈብረክ አያስፈልገውም፤ ቀን መግዛት ብቻ ይበቃዋል። «መንገዱ አስጊ ነው፣ ጸጥታው አልተረጋገጠም፣ ቪዛው አልደረሰም፣ ኮሚቴው ይሰብሰብ፣ የተልእኮው ዝርዝር ይጻፍ…» ይህ ሁሉ ተራ ቢሮክራሲ እንዳይመስላችሁ። ደም ማጠቢያ ነው!

ሶርያን እንመልከት። ኻን አል አሰል በምትባል ስፍራ ጋዝ ተጣለ የተባለው እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 2013 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቡድን ደማስቆ የገባው ነሐሴ 18 ቀን! አምስት ወር! በመቶ ሃያ ቀን የሚሞት ሕዋስ በአምስት ወሩ ምን ሊነግርህ? ቡድኑ ሆቴል ተቀምጦ ሳለ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 21፣ በዚያችው በደማስቆ ዳርቻ ጉታ ላይ ሳሪን ዘነበ። ከቡድኑ ሆቴል በመኪና ጥቂት መንገድ ነው። እሱንም ቢሆን እስከ ነሐሴ 26 አልደረሱበትም፤ ሲሄዱም መኪናቸው ተተኮሰበት። ግን በአምስት ቀኑ ደረሱ፤ ደም፣ ሽንትና ፀጉር ወሰዱ። ውጤቱም ከተመረመሩት ተራፊዎች ማለት ይቻላል ሁሉም በሳሪን መነካታቸውን አረጋገጠ። በአምስት ወርና በአምስት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው!

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ኻን ሼይኹን ሲመታ ደግሞ ቁስለኞቹ ድንበር ተሻግረው ቱርክ ገቡ። የኬሚካል ጦር መሣሪያ ከልካዩ ድርጅት ከሦስት አስከሬንና ከሰባት ሕሙማን የተወሰደውን ናሙና አስመርምሮ በአሥራ አምስተኛው ቀን «ሳሪን ወይም ሳሪን መሰል ነው፣ የማይታበል ነው» አለ። ደማስቆ የነበረው የአሳድ መንግሥት ግን እስከ ወደቀበት እስከ ታኅሣሥ 2024 ድረስ «አልጣልኩም» እንዳለ ነው የሄደው። ይበል! ደሙ ተመዝግቧል።

ዱማ ላይ ግን ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 2018 ተመታ የተባለው ቦታ መርማሪዎቹ የገቡት በ21 ነው። የተጠረጠረው ክሎሪን ነበር። ክሎሪን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለገዳይ የሚመች መርዝ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ አሲድና ወደ ጨው ይለወጣል። የሰው ደም በተፈጥሮው ጨው ነው፤ ባሕር ውስጥ የተጨመረ ጨው ፈልጎ የሚያገኝ ማነው? ክሎሮታይሮሲን የሚባል ምልክት አለ ይላሉ፤ ግን የራሳችን ነጭ የደም ሕዋስም ከቁጣ ጋር ሲታገል ያንኑ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ መርማሪዎቹ በሲሊንደሩ፣ በሕንጻው፣ በእንጨቱና በምስክር ቃል ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2019 «መርዛማ ኬሚካል ነበር፣ ክሎሪን ሳይሆን አይቀርም» የሚል ዘገባ አወጡ። አየሩን ኃይል በስም የጠራው ዘገባ እስከ ጥር 2023 ቆየ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ስንት ሐሰት፣ ስንት ክርክር ተራባ! የእኛ ባለ ከረባት «ድራማ ነው» ያለውም ያንን ሰምቶ ነው።

«እሺ፣ ደሙ መርዙን ነገረህ፤ ማን እንደጣለው ይነግርሃል?» አለኝ ባለ ከረባቱ። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው፤ አልዋሸውም። አይነግርም። ማትሱሞቶ ላይ ሳሪን መሆኑ በቀናት ውስጥ ታውቆ ሳለ፣ ፖሊስ ግን ራሱ የተመረዘውን፣ ሚስቱም በመርዙ የተጎዳችበትን ንጹሕ የሰፈሩን ሰው ጠርጥሮ ወራት አሠቃይቶታል። እውነተኞቹ የታወቁት ቶኪዮ ከተመታ በኋላ ነው። ሐላብጃ ላይም እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1988 አምስት ሺህ ያህል ኩርድ ሲያልቅ፣ አሜሪካ እንኳ ሳትቀር ጣቷን ወደ ኢራንም ጠቁማ ነበር። ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትሉኝ? የወንጀለኛው ስም ስላልታወቀ ወንጀሉም አይታወቅ? ሐኪም የጥይቱን እርሳስ ከሥጋ ሲያወጣ ተኳሹን ባያውቅም እርሳሱን አይጥለውም። ያስቀምጠዋል። ተኳሹን ሌላ ሰው ይፈልገው!

ደግሞስ መዘግየቱ የመሣሪያ እጦት ነው እንዴ? አይደለም፤ የሰው ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2018 እንግሊዝ አገር ሶልስቤሪ ላይ አንድ የቀድሞ የሩሲያ ሰላይና ልጁ በኖቪቾክ ሲመረዙ፣ ራሳቸውን ስተው ለተኙት ሰዎች ደም መውሰጃ ፍርድ ቤት ተሰየመ፤ የዓለም አቀፉ ድርጅት ባለሙያዎች ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አልጋቸው አጠገብ ቆሙ፤ ሚያዝያ 12 ውጤቱ ወጣ። አልጠላሁትም፤ እንዲህ ነው መሠራት ያለበት! ግን ቢርጂኒ የምትባለው የኩርድ መንደር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1988 ስትመታ ማን ደረሰላት? ከአራት ዓመት በኋላ የመብት ተሟጋቾች ሄደው ከቦምቡ ጉድጓድ አፈር ዘግነው አመጡ፤ እንግሊዞች አፈሩን መርምረው የሰናፍጭና የሳሪን ቅሪት አገኙበት። ደሙ ከከዳ በኋላ አፈሩ ተናገረ። የፀጥታው ምክር ቤትስ? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ጋዝ መጣሉን አረጋግጠው ሲመጡ፣ ድርጊቱን አወገዘና አድራጊውን ኢራቅን በስም ሳይጠራ አለፈ። የኢራቅን ጦር በስም ለመጥራት ሁለት ዓመት ፈጀበት። በመካከሉ ስንት ሰው ተቃጠለ!

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት። «እኛን ምን አገባን፣ ያለፈ ታሪክ ነው» የሚል ካለ ይስማ። በ1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባል ቦታ፣ የአርበኛ ቤተሰቦች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ዋሻ ውስጥ ተጠግተው ሳሉ የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጃቸው። ዋሻውን ለዓለም ያሳወቀው ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ነው፤ መቼ? እ.ኤ.አ. በ2006! የአካባቢው ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ኖሯል። የባላገር ወሬ ነዋ፤ ማን ይሰማዋል!

እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አያቴ ካረፉ ቆይቶ፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ የሕክምና መዝገብ ይኖር እንደሆን ብዬ የድሮ ወረቀት ይቀመጥበታል ወደተባልኩት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። መጀመሪያ «ነገ ና» ተባልኩ። ነገ ሄድኩ። «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። ደብዳቤ አመጣሁ። «ሟቹ አያትህ መሆናቸውን ከቀበሌ አጽፈህ ና» ተባልኩ። እሱንም አጻፍኩ። በአራተኛው ቀን ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይህ ነገር አሁን ምን ይጠቅምሃል?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም እንደዚሁ አየን። የተቃጠሉ ሰዎች ፎቶግራፍ የውጭ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አንዱ ወገን «ነጭ ፎስፈረስ ነው» አለ፣ መንግሥት «ፍጹም ውሸት» አለ። ነጭ ፎስፈረስ በራሱ የመርዝ ጋዝ አይደለም፤ የምርመራውም መንገድ ሌላ ነው። እኔ ፈራጅ አይደለሁም። የምለው ስለ ልማዳችን ነው። አንድ ነገር ደረሰ ሲባል የመጀመሪያው ሥራችን መግለጫ ማውጣት ነው። ከሳሹም መግለጫ፣ ተከሳሹም መግለጫ! ከመግለጫው በፊት ብልቃጥ የሚያነሣ አንድ ሰው ቢኖር ምናለ? ንጹሕ የሆነ መንግሥትም ቢሆን ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ያ ብልቃጥ ነው፤ የሚፈራው ያላደረገ ሰው አይደለምና።

ይህን ለማድረግ ደግሞ ማስ ስፔክትሮሜትር አዲስ አበባ መትከል አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሰው ናሙና እንዲመረምሩ በዓለም አቀፉ ድርጅት የተመሰከረላቸው ላብራቶሪዎች በየአገሩ አሉ፤ አንዱ ናሙና ለሁለት ተከፍሎ በተለያየ ቦታ ይመረመራል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ከእኛ የሚፈለገው የወረዳ ጤና ጣቢያው ሥራ ነው። ቁስለኛ ሲመጣ ደምና ሽንት በሁለት ብልቃጥ መውሰድ፤ ስምና ቀን፣ ሰዓትም ጭምር መጻፍ፤ ማሸግ፤ ያሸገውና የተረከበው ሰው መፈረም፤ ፍሪዘር ውስጥ መክተት፤ ቁልፉን አለቃ ለመጣ ሁሉ አለመስጠት። በተለይ የመጨረሻዋ! ያለ ፊርማና ያለ እሽግ የተጓዘ ደም ደማስቆም ሆነ ዘ ሔግ ተከራካሪ ጠበቃ ፊት አንድ ደቂቃ አይቆምም። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ምን እንደሚሆን የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ እኔም የምጠይቀው እሱን ነው። ለስብሰባ አዳራሹ ጀነሬተር ያልጠፋለት ከተማ ለደም ብልቃጥ ለምን ይጠፋበታል? ይህንን መመሪያ አድርጎ ለየሆስፒታሉ ለመላክ የሚያስፈልገው ሁለት ገጽ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው። ጤናን የሚመራው መሥሪያ ቤት ማኅተም እንዳለው እናውቃለን፤ የማስታወቂያ ባነር ላይ በየቀኑ እናየዋለን።

ባለ ከረባቱ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «እና የአያትህን ደም ዛሬ ቢመረምሩት ኖሮ ያገኙት ነበር?» አለኝ።

«አያገኙም» አልኩት። «የሚያገኙት እስከ 1928 ሚያዝያ ድረስ ነበር።»